የእግር ሹራብና የሠራተኛው ቤት

በእንግሊዝ አገር ከኖቲንግሃም ከተማ በስተደቡብ ራዲንግተን የምትባል መንደር አለች። ከባለቤታችን ጋር ወደዚያ የሄድነው ታላቅ ግንብ ወይም የነገሥታት መቃብር ለማየት አይደለም፤ በየማለዳው ሳናስበው በእግራችን የምናጠልቀው ካልሲ በቀድሞ ዘመን እንዴት ይሠራ እንደ ነበረ ለመመልከት ነው። በ1829 የታነጹት የሠራተኞች መኖሪያና የሥራ ቤቶች ዛሬ ቤተ መዘክር ሆነው ይጠበቃሉ። በዚህ ጽሕፈት የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የካልሲ መሥሪያውን መኪና በ1589 ያወጣው ዊሊያም ሊ የተባለ ሰው ነው፤ ካልቨርተን በምትባል በዚያው አውራጃ መንደር ካህን ነበረ ይባላል። አስቀድሞ ካልሲ የሚሠራው በእጅ፥ በመርፌ፥ ዘለበቱ አንድ በአንድ እየተያዘ ነበር፤ በእርሱ መኪና ግን አንድ ሙሉ ረድፍ በአንድ ጊዜ ይወጣል። ነገር ግን ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሣቤጥ ብቻውን እንዲሠራበት የሚያስችለውን የመብት ደብዳቤ ከለከሉት፤ ምክንያታቸውም በእጃቸው ሠርተው የሚያድሩ ድኆች እንጀራ ያጣሉ የሚል ነበረ ተብሎ ይነገራል። ሊም ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ ንጉሥ ሄንሪ 4ኛን ተጠጋ። ንጉሡ በ1610 በነፍሰ ገዳይ እጅ ስለ ሞቱ ተስፋው ተቋረጠ፤ እርሱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው በባዕድ አገር ሞተ። መኪናዎቹን ወደ እንግሊዝ የመለሰ ወንድሙ ጄምስ ነው።

በራዲንግተን የሥራ ቤቱ መስኮት እጅግ ረጅም ነው፤ ቀጭኑን ክር ለማየት ብዙ ብርሃን ያስፈልግ ነበርና። ሲመሽ ደግሞ ውሃ የተሞላ ክብ ብርጭቆ በሻማ ፊት ያቆሙና ብርሃኑን በመርፌዎቹ ላይ ይሰበስቡ ነበር። ባል መኪናውን በእጁና በእግሩ ያንቀሳቅሳል፤ ሚስት የወጣውን ትሰፋለች፤ ልጆች ክሩን ያጠነጥናሉ። ይህን ባየን ጊዜ ሚስት ስትፈትል ባል የሚሸምንበት ያገራችን ሸማኔ ቤት ትዝ አለን።

መኪናው ግን ብዙውን ጊዜ የሠራተኛው ገንዘብ አልነበረም። ኪራዩ ከዋጋው ላይ ይቈረጥበታል፤ ሥራ ባነሰበት ሳምንት እንኳ ኪራዩ አይቀርለትም። ደግሞ አንዳንድ ነጋዴዎች ሰፊ ጨርቅ ቈርጠው በመስፋት ቶሎ የሚተረተር ካልሲ በርካሽ መሸጥ ጀመሩ፤ የደኅናውም ሠራተኛ ዋጋ ወደቀ። ስለዚህ በ1811 ሉዳይት የተባሉት ሰዎች በሌሊት እየወጡ መኪናዎችን ሰበሩ። ብዙ ሰው እነዚህን ሰዎች የመኪና ጠላቶች አድርጎ ይቈጥራቸዋል፤ መኪናው ግን ከ200 ዓመት በላይ አብሯቸው የኖረ የእንጀራቸው መሣሪያ ነበር። የተጣሉት ከዋጋው ማነስና ከሥራው መበላሸት ጋር ነው።

በ1812 መኪና የሰበረ በሞት ይቀጣ የሚል ሕግ ወጣ። ባለቅኔው ሎርድ ባይረን በመሳፍንቱ ምክር ቤት ተነሥቶ ቢቃወምም ሕጉ ጸደቀ። የመኪናውን ኪራይ ከሠራተኛው ዋጋ ላይ መቍረጥን የሚከለክለው ሕግ ግን የወጣው በ1874 ነው። እኛ በፍርድ ቤት መዝገብ ስንጽፍ የኖርን ሰዎች እነዚህን ሁለት ዘመናት አስተያየናቸው፤ ቅጣቱ ፈጥኖ ደረሰ፥ የበደሉ መድኃኒት ግን 62 ዓመት ዘገየ።

ልንወጣ ስንል ባለቤታችን፦ «ለመሆኑ ይህን ሁሉ ካልሲ የሠራው ሰው ለገዛ ልጆቹ የሚያጠልቅላቸው ነበረውን?» ብለው አስጐብኚውን ጠየቁት። እርሱም ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፦ «ለሁሉም አይመስለኝም» አለ።

ከዚያን ቀን ወዲህ በቤታችን የተቀደደ ካልሲ ይጣፋል እንጂ አይጣልም። የቤት እመቤቶችም ለልጆቻቸው ካልሲ ሲያጠልቁ የሠራውን እጅ ያስታውሷቸው፤ የሹሞችም ልጆች ነገ ዋጋ ቈራጭና ሕግ አውጭ ይሆናሉና።