የእናቴ ጥያቄና ሁለቱ ብርጭቆዎች

ዘንድሮ ከሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጋር የዳቦ እርሾ በሁለት ብርጭቆ ለብ ባለ የስኳር ውሃ በጠበጥን። የአንዱን እርሾ ግን ቀድመን አፍልተን አቀዝቅዘነው ነበር። በሁለቱም ላይ ሜቲሊን ብሉ የሚባለውን ሰማያዊ ቀለም ጠብ አደረግን። ትንሽ ቆይቶ ያልፈላው ነጣ፤ አየር የሚነካው የላይኛው ክፍል ብቻ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። የፈላው እንዳለ ነው። ሕያው ሕዋስ ቀለሙን ይለውጠዋል፤ የሞተው አይለውጠውም። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ «ቲቸር፣ እንግዲያው መድኃኒት መግደል አለመግደሉ በዚህ ይታወቃላ?» አለችኝ።

እናቴ ትዝ አለችኝ።

ታናሽ ወንድሜ ሰሊጥ አረም ሄዶ ካላአዛር ይዞት ተመለሰ። ከገዳሪፍ እስከ መተማና ሁመራ፣ ግራርና ላሎብ በበዛበት ጥቁር መሬት ለሚሠራ ሰው በሽታው እንግዳ አይደለም። የአሸዋ ዝንብ ትነክሳለች፣ ትኩሳቱ አልለቅ ይላል፣ ጣፊያ ያብጣል፤ ካልታከመ ይገድላል። ያን ጊዜ ሕክምናው በየቀኑ አንድ መርፌ፣ ለ30 ቀን ነበር። መድኃኒቱ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ነው፤ ከአንቲሞኒ የተሠራ፣ ልብንና ቆሽትንም ሊጎዳ የሚችል። እናቴ በየመርፌው አንድ ጠጠር ጣሳ ውስጥ ትጥላለች። ልጇ እህል እምቢ ያለ ቀን በተሰባበረ ዓረብኛዋ ነርሷን «ይሄ መርፌ የሚገድለው በሽታውን ነው ወይስ ልጄን?» አለቻት። ነርሷ «አላህ ከሪም» ብላት ሄደች። ወንድሜ ዳነ፤ ጥያቄው ግን እኔ ዘንድ ቀረ።

የሳይንቲስቶችም ጥያቄ መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። 96 ትናንሽ ጉድጓድ ባለው የፕላስቲክ ሳህን ሕዋሳት ይዘራሉ፤ መድኃኒቱ ከጉድጓድ ጉድጓድ መጠኑ እየቀነሰ ይጨመራል። ከዚያ እንደ እርሾው ቀለም ይፈርዳል። ሞስማን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ኤምቲቲ በሚባለው ዘዴ፣ ሕያው ሕዋስ ቢጫውን ቀለም ወይን ጠጅ ያደርገዋል። በደመቀ ቁጥር የተረፈው ብዙ ነው።

በካላአዛር ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ተውሳኩ የሚኖረው ጀርም ሊውጥ በተፈጠረው በራሳችን ሕዋስ ውስጥ ነው። ቀለሙ ቢደምቅ የተረፈው ማን ነው፣ ባለቤቱ ወይስ እንግዳው? ስለዚህ ጊምሳ ቀብተው በማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። ተውሳኩን ለብቻው መሞከርም ያሳስታል። የወንድሜ መድኃኒት በዝንቧ ሆድ እንዳለው ነጻ በሚዋኘው ተውሳክ ላይ ብዙም አይሠራም፤ የሚገድለው እኛ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ሲለወጥ ነው። በብልቃጥ ብቻ የፈረደ ሰው ይጥለው ነበር።

ያልታመመ የሰው ሕዋስም በሌላ ሳህን ያንኑ መድኃኒት ይቀምሳል። ተውሳኩን በግማሽ የሚቀንሰው መጠን የእኛንም ሕዋስ በግማሽ የሚገድል ከሆነ፣ የእናቴ ፍርሃት ልክ ነበር ማለት ነው። ሳህን ልብ የለውምና ሐኪም በሽተኛውን መከታተሉ አይቀርም። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅት ለምሥራቅ አፍሪካ ያንኑ መድኃኒት ከፓሮሞማይሲን ጋር ለ17 ቀን እንዲሰጥ መክሯል። በቀን ሁለት መርፌ ቢሆንም ሕክምናው በ13 ቀን ያጥራል።

ልጅቷ አሁን የኒም ቅጠል ቀቅላ እርሾው ላይ ልትሞክር ነው። ሦስተኛ ብርጭቆ እንድታመጣ ነግሬያታለሁ፤ እርሾ የሌለበት፣ ኒምና ቀለም ብቻ። ቅጠሉ ራሱ ቀለሙን ቢለውጠውስ?