ያልተሳፈርኩብሽ

አንቺ ነጭ! አንቺ አንገተ ረጅም! አንቺ ስትነሺ ሰፈር የምታንቀጠቅጪ!

ሃውንዝሎ፣ ሂትሮው አጥር አጠገብ የምንኖር ሰዎች ዓይናችን ሳያይሽ ደረታችን ነበር የሚያውቅሽ። አራቱ ሞተሮችሽ እሳት ሲተፉ መስኮቱ ይርገበገባል። መንገድ ዳር የቆመ መኪና ማንም ሳይነካው ይጮሃል። ቡና የምታፈላው ሴት ጀበናዋን በእጇ ደገፍ አድርጋ «ተነሳች ደግሞ!» ትላለች፤ ስልክ የያዘው «ቆይ፣ ትለፍ» ይላል። ያኔ ምሬት ነበር። እንዲህ የሚናፈቅ ምሬት መኖሩን ማን ነገረን፣ ኮንኮርድ?

እኛ አውሮፕላን ማረፊያ ማልቀስ የለመድን ሰዎች ነን። ተሸኚያችንን አቅፈን፣ በር ላይ ቀርተን፣ ጅራቷ ደመና ውስጥ እስኪገባ አንጋጠን አልቅሰናል። ያ ልቅሶ ግን የሰው ነው፤ አውሮፕላኗ ወሳጅ ናት እንጂ ተለቃሽ አይደለችም። ባንቺ ጊዜ ነገሩ ተገለበጠ። የኔ የምለውን ሰው አንድም ቀን አልወሰድሽብኝም፣ አንድም ቀን አላመጣሽልኝም። የምትይዢው መቶ ሰው፣ ዋጋሽ በሺህ ፓውንድ የሚቆጠር። ባለ ባንኩና ባለ ዝናው ይሳፈርብሽ ነበር፤ እኛ ከስር ነበርን። የስንብትሽ ቀን ሲደርስ ግን አጥር ጥግ መሰላል ላይ ቆሞ ዓይኑን በእጅጌው ሲጠርግ የነበረው አንድም ቀን ያልተሳፈረብሽ ነው። ያልነበረን ነገር እንዴት ይሄድብናል? ሄደብን እንጂ!

ሄዳም አትመጣ፣ ቀርታም አትረሳ፤
ሰማዩ ዝም አለ፣ በልቤ ስታገሳ።

ለንደንና ኒውዮርክ መካከል እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ነበርሽ፤ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ አለቀ። ጠዋት ከለንደን ተነስተሽ ኒውዮርክ ስታርፊ፣ የዚያ አገር ሰዓት ገና ከተነሳሽበት ሰዓት ወደኋላ ነበር። በፌብሩዋሪ 1996 ደግሞ ያንን ውቅያኖስ ከኒውዮርክ ወዲህ በ2 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ተሻገርሽው። ከድምፅ እጥፍ በሚፈጥን ጉዞሽ አየሩ እየፈተገ ሲያግልሽ ብረትሽ ይሳባል፤ ሰማይ ላይ ርዝመትሽ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ይጨምራል፤ ስትወርጂ ትሰበሰቢያለሽ። የበረራ መሐንዲሶችሽ ይህን ጠባይሽን ያውቁት ነበር። ከመሣሪያ ሰሌዳቸው ጎን፣ መሬት ላይ ዝግ የሆነ፣ ሽቅብ በፍጥነት ስትገሰግሺ ብቻ የሚከፈት ክፍተት አለሽ። እህትሽ ኖቬምበር 5 ቀን 2003 ሲያትል ሙዚየም ልትገባ የመጨረሻዋን ስትበር፣ መሐንዲሱ ባርኔጣውን እዚያ ክፍተት ውስጥ ሸጎጠው። ስትቀዘቅዝ ነከሰችው። ሲያትል፣ ሬይኒየር ሸለቆ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ ሙዚየሙ ሩቃችሁ አይደለም፤ ሄዳችሁ እዩልኝ። ያን ባርኔጣ በወጉ ለማውጣት እሷ እንደገና ከድምፅ መቅደም ነበረባት።

ኦክቶበር 24 ቀን 2003፣ መንገደኛ ይዛችሁ ለንግድ የበረራችሁበት የመጨረሻ ቀን፣ ሦስታችሁ ተከታትላችሁ ሂትሮው ገባችሁ። አንዷ ከኤደንብራ፣ አንዷ ቢስኬ ባሕረ ሰላጤን ዞራ፣ ያችው ሲያትል የቀረችው ደግሞ ከኒውዮርክ፤ ከቀኑ 10 ሰዓት አለፍ ሲል፣ በየሁለት ደቂቃው። የአጥሩ ዙሪያ ሰው ነበር፤ መሰላል የያዘ፣ የመኪና ጣራ ላይ የወጣ፣ ልጁን ትከሻው ላይ ያስቀመጠ። ፎቶ ለሚያነሳ ሰው አስቸጋሪ ነበርሽ፤ ዛሬም ይህን አልደብቅሽም። ሙቀቱን እንዲመልስ ብለው የቀቡሽ ያ ንጣትሽ ካሜራን ያታልላል። ደመናማ ሰማይ ላይ ነጭ አውሮፕላን ሲያይ ካሜራው «ብርሃን በዛብኝ» ብሎ ይቀንሳል፤ አንቺም አመድ መስለሽ ትወጫለሽ። የሚያውቅ ሰው ብርሃኑን አስቀድሞ ከፍ አድርጎ ይጠብቃል። ከዚያ እግርን ተክሎ፣ ከወገብ እየዞሩ፣ አፍንጫሽን ሳይለቁ መከተል ነው። አፍንጫሽን ዝቅ፣ ደረትሽን ቀና አድርገሽ፣ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ እየመጣሽ! ያን ጊዜ ብዙው ሰው ገና በፊልም ነበር የሚያነሳው፤ አንዱ ፊልም 36 ፎቶ ነው፣ ሦስታችሁን ላካፍል ቢል አይበቃውም። አጠገቤ የቆመው ሽማግሌ ሁለቱን አጥግቦ አነሳና ሦስተኛዋ ብቅ ስትል ካሜራው «ዚዝ» እያለ ፊልሙን መጠቅለል ጀመረ። የተሳደበውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

ሙሾ አውራጅ የሟችን ጥፋት አያነሳም ይሉ ይሆናል። እኔ ግን ጎነስን ሳልጠራ ባልፍ ነውር ነው። ጁላይ 25 ቀን 2000 ከፓሪስ የተነሳችው እህትሽ ማኮብኮቢያው ላይ የወደቀ ብረት ጎማዋን ቀደደው፤ የጎማው ቁራጭ የነዳጅ ቋቷን መታው፤ እየነደደች ሄዳ ጎነስ ላይ ወደቀች። 113 ነፍስ። አራቱ አንቺን መሳፈር ቀርቶ ሽቅብ እንኳ ላያዩ ይችሉ የነበሩ፣ መሬት ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ቋትሽን አጠናክረው፣ ጎማሽን ለውጠው በ2001 መለሱሽ፤ የተመለስሽበት ሰማይ ግን ተሳፋሪ የራቀው ሰማይ ነበር። በሰዓት ከ25 ሺህ ሊትር በላይ የምትጠጪ፣ የፍንዳታ ድምፅሽን ፈርቶ ብዙ አገር በየብስ ላይ እንዳትፈጥኚ የከለከለሽ፣ ጥገናሽ በየዓመቱ እየከበደ የሄደ። ሒሳቡ ገብቶኛል። ሒሳብ የገባው ሰው አይናፍቅም ያለው ማነው?

ከዚያ ፊልተን። የተወለድሽበት ሜዳ፣ ብሪስቶል ጥግ። በመለያ ፊደሎችሽ አልፋ ፎክስትሮት፣ ከሃያዎቹ ኮንኮርዶች መጨረሻ የተሠራሽው አንቺ ነሽ፤ በ1979 ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሳሽው ከዚያው ነው፤ የመጨረሻዋ በራሪም አንቺው ሆንሽ። ኖቬምበር 26 ቀን 2003 ከሂትሮው ተነስተሽ፣ ባሕር ላይ ወጥተሽ ለመጨረሻ ጊዜ ድምፅን ቀድመሽ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ወደ ቤትሽ መጣሽ። ከተማው ሥራውን ትቶ ወጥቶልሽ ነበር።

የሁላችንም ፎቶ የሆድሽ ፎቶ ነው። ከስር ቆሞ ሌላ ምን ይታያል? ባለ ሦስት ማዕዘን ክንፍሽ፣ የተዘረጋው እግርሽ፣ ጥቀርሻ የለበሱት ሞተሮችሽ። በያንዳንዱ የለንደን ቤት መሳቢያ ውስጥ አንድ ሆድሽ አለ ብል ብዙ አላጋነንኩም። ሉዊስ ዋይልድ የተባለ ፎቶ አንሺ ግን ያን ቀን በሄሊኮፕተር ወጥቶ ከላይ ጠበቀሽ። ጀርባሽን አየው። ነጭ፣ ቀጭን፣ እንከን የለሽ ጀርባ፤ ከስርሽ በ1864 የተከፈተው የክሊፍተን ተንጠልጣይ ድልድይ፣ ከድልድዩ ስር የኤቮን ገደል። ፎቶው ዓለምን ዞረ። መልካም ፎቶ ነው፣ ቀንቼበታለሁ፤ ነገር ግን ባየሁት ቁጥር ሆዴ ባር ባር ይላል። ስንት ዘመን ፊት ለፊት ስትመጪ ላየንሽ ሰዎች፣ ጀርባሽን ማሳየት መሄድሽን ማመን ነው።

ፊልተን አየር ማረፊያ በ2012 ተዘጋ። ሜዳውም ለቤት መሥሪያ ሆነ፤ ልነሳ ብትዪ እንኳ የምትሮጪበት ጠፍቷል። አንቺ ከ2017 ጀምሮ እዚያው አጠገብ ሙዚየም ውስጥ፣ ጣራ ስር ቆመሻል። የመግቢያ የከፈለ ሁሉ ደረጃውን ወጥቶ ወንበሮችሽ መካከል ይራመዳል፤ ልጆች የእጅ መዳፍ የሚያክለው መስኮትሽ ላይ አፍንጫቸውን ይለጥፋሉ። እኔም ሄጄ ተሰለፍኩ። ደረጃው ስር ስደርስ ግን እግሬ እምቢ አለ። በቆመችበት የሚገባባት ተሳፋሪ አይባልም፤ ያን ስም ደግሞ እንዲህ በርካሽ አልፈልገውም። «አይወጡም?» አለችኝ ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ። «እርስዎ ይለፉ» አልኳትና ከሰልፉ ወጥቼ ከክንፍሽ ስር ገባሁ። ብርሃኑን አንድ እርከን ከፍ አደረግሁና ሆድሽን አነሳሁ።