ከሞት በኋላ የሚኖር ስም

በመንዝ ምድር ስምና መሬት ተለያይተው አያውቁም። ማማ፣ ላሎና ጌራ በአቅኚ አባቶች ስም እንደሚጠሩ ባላገሩ ይተርካል። ርስት ጠያቂም በአባቱም ሆነ በእናቱ ወገን ሐረጉን እስከ አቅኚው ቆጥሮ ይሟገት ነበር፤ መዝገቡ የሽማግሌዎች ትዝታ ነበርና። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ይህን ሥርዐት ሻረው። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ያለበት የይዞታ ደብተር ለገበሬው ይታደል ጀመር።

ይሁን እንጂ ሰው ይሞታል፤ ልጅም ከተማ ይገባል፤ ደብተሩ ባለበት ይቆያል። በደጋው የሚኖሩ አንዲት መበለት ደብተራቸውን በነጠላ ቁራጭ ጠቅልለው ከሣጥን ያኖራሉ። ባላቸው ካረፉ ዓመታት ቢያልፉም በባሕረ መዝገቡ ላይ ዛሬም ሕያው ናቸው። ወሰን ገፊ ቢነሣ ለግማሹ ማሳ የሚከራከሩት ሟቹ ናቸው ማለት ነው! ልጃቸው፣ «እማዬ፣ ስሙ ይዛወር እንጂ» ቢላቸው፣ «በገዛ እጄ ልፋቀው?» ብለው አለቀሱ።

የኢንተርኔቱ ዓለም ለዚህ ዓይነቱ ልቅሶ ጊዜ የለውም። በዶት ኮም የድረ ገጽ ስም ያስመዘገበ ሰው፣ ስለ አድራሻው ትክክለኛነት ተጠይቆ በ15 ቀን ውስጥ ካልመለሰ ስሙ ሊታገድበት ይችላል።

እናት ግን በራሳቸው ጊዜ፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ወደ መሬት አስተዳደሩ ወረዱ። ሠራተኛው አዲሱን ገጽ ሲሞላ አንድ ነገር ብቻ ለመኑት፤ ያሮጌው ፎቶግራፍ እንዲመለስላቸው።