ሊትሩን ሳይሆን አፉን

በውጭ አገር ጀርባ ላይ የሚታዘል የውኃ ቦርሳ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ሊትር እንደሚይዝ ነው። ቦርሳው አንድ ተኩል፣ ሁለት ወይም ሦስት ሊትር ተብሎ ይሸጣል፤ ገዢውም የሚነዳበትን ሰዓት አስልቶ ይመርጣል። ስሌቱ የሚያዋጣው መንገዱ ላይ ሌላ ሰው ንጹሕ ውኃ አዘጋጅቶ ስለሚጠብቅ ነው። እኔ በምኖርበት በኮሎራዶ ከ1994 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የሚካሄደው የሊድቪል የተራራ ብስክሌት ውድድር 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። መነሻው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የሚዞርበት ጫፍ ደግሞ ወደ 3,800 ሜትር ይጠጋል። እዚያ ከፍታ ላይ እንኳ ውኃ የሚያቀብሉ በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ በዚህ ተማምነው ቦርሳውን ትተው በጠርሙስ ብቻ የሚነዱም አይጠፉም። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ አንኮበርን አልፎ እስከ አልዩ አምባ ለሚወርድ፣ በዚያው መንገድ ለሚመለስ ሰው ግን ይህ ስሌት ጎዶሎ ነው። ለዚያ መንገድ ቦርሳ ሲመረጥ ከሊትሩ በፊት መታየት ያለበት አፉ ነው እላለሁ፤ የሚሞላበትም፣ የሚጠጣበትም።

ዕቃው ለምን እንዲህ ሆኖ እንደተሠራ ማወቅ ይረዳል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ማይክል ኤይድሰን የተባለ አሜሪካዊ የድንገተኛ ሕክምና ሠራተኛ፣ በቴክሳስ የነሐሴ ሐሩር በሚካሄድ የብስክሌት ግልቢያ ላይ የግሉኮስ ከረጢት ውኃ ሞልቶ በካልሲ ከተተና ጀርባው ላይ አሠረው፤ ቱቦውን በትከሻው አሳልፎ እየጠባ ነዳ። ካሜልባክ የሚባለው ኩባንያ የተወለደው ከዚህ ነው። ሐሳቡ ሳይቆሙ፣ እጅን ከመሪው ሳያነሡ መጠጣት ነበር። ውኃው ከቧንቧ የመጣ ስለሆነ ንጽሕናው አላሳሰበም። የአንኮበር መንገድ በበኩሉ ከዚህ በጣም የቆየ ልማድ አለው። በ1841 በሻምበል ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከታጁራ ተነሥቶ በአፋር በረሃ በኩል አልዩ አምባን አልፎ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ፣ ውኃውን የጫነው እንደማንኛውም ሲራራ ነጋዴ በቆዳ አቁማዳ ነው። ጉዞው የሚታቀደውም ከውኃ እስከ ውኃ ነበር፤ የሚቀጥለው ጉድጓድ የት እንደሆነና ውኃው ይጠጣ እንደሆነ ሳይታወቅ አቁማዳ ማብዛት ግመል ከመግደል በቀር ፋይዳ የለውም።

ለብስክሌተኛውም ነገሩ ያው ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ወደ አንኮበር የሚወስደው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነፋስ የማይለየው የገብስ አገር ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ውርጭ ያለበት። ብርዱ ጥምን ያደበዝዛል። ሳንባ ግን ቀዝቃዛውንና ደረቁን አየር እያራሰ ከሰውነት ውኃ ያወጣል፤ ከፍታው ሲጨምር አተነፋፈሱም ይፈጥናል። ከአንኮበሯ ከተማ ከጎረቤላ ወዲያ ቁልቁለቱ ሲጀምር አየሩ በየመታጠፊያው ይሞቃል፤ አልዩ አምባ ሲደረስ ደጋው ተረስቷል። ከባዱ ሥራ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ በቀትር ፀሐይ ዐቀበቱን ሲመለሱ ነው። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ በ2007 ባወጣው መመሪያ ለማራቶን ሯጮች መነሻ ይሆናል ያለው በሰዓት ከ0.4 እስከ 0.8 ሊትር ነው፤ የላብ ኪሳራውም ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል፤ ይህም 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1.4 ሊትር መሆኑ ነው። በዚህ ልክ ካየነው፣ ማለዳ ሦስት ሊትር ሞልቶ የሚነሣ ሰው ሦስት ኪሎ አዝሎ፣ ብዙውን ሳይነካው፣ ብርዱን መንገድ ያቋርጣል። ከረጢቱ የሚሳሳው ውኃው በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። ሁለት ሊትር ይዞ ታች እንደገና መሙላት ይሻላል። እንደገና መሙላት ከተባለ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ወደ አፉ ይመጣል።

በገበያው ላይ በብዛት የሚታዩት የአፍ ዓይነቶች ሁለት ናቸው፤ ክብ ክዳን የሚጠመዘዝበትና ከላይ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ታጥፎ የሚዘጋው። የቧንቧ ውኃ ብቻ ለሚቀዳ ሰው ልዩነቱ ኢምንት ነው። ከጀሪካን ለሚቀበል፣ ወይም ከምንጭ በኩባያ እየጨለፈ ለሚሞላ ግን ጠባቡ አፍ ግማሹን መሬት ላይ ያስቀረዋል። ከዚያም በላይ የማጠቡ ጉዳይ አለ። ያልታከመ ውኃ የገባበት ከረጢት እጅ ገብቶ ካልፈተገው፣ ተገልብጦም ፀሐይና ነፋስ ካልደረሰው ውስጡ ይሻግታል። ውኃውን ማከም ራሱ ጊዜ ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ አንድ ደቂቃ ሳይሆን ሦስት ደቂቃ እንዲንተከተክ ይመከራል። ውኃ አጋርን የመሰለ ክሎሪን በየቤቱ የታወቀ ነው፤ ልኩ ለጀሪካን የታሰበ በመሆኑ ግን በዓይን ግምት ሁለት ሊትር ከረጢት ውስጥ ጠብ ማድረግ አይገባም። ለመንገድ ለትንሽ መጠን የተሠራውን እንክብል መያዝ፣ ጨምሮም ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። በሶ የሚወድ (የገብስ አገር ሄዶ የማይወድ ካለ) በጨው በጥብጦ በጠርሙስ ይያዘው፤ ከረጢት ውስጥ ከገባ ቱቦው ተደፍኖ ይቀራል።

የሚጠጣበት አፍ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በ2008 በዌልስ፣ ቢልዝ ዌልስ በተባለች ከተማ አቅራቢያ በዝናብ የተካሄደ የተራራ ብስክሌት ውድድር ላይ ብዙ ተወዳዳሪዎች በካምፒሎባክተር ታመሙ፤ ምርመራው ያመለከተው በበግ በጠጥ የተበከለ፣ ከጎማ እየተረጨ አፍ የሚገባ ጭቃን ነው። የሸዋ መንገድ የከብት፣ የበግና የአህያ መንገድም ነው። ብስክሌቱ አካል ላይ የሚሰካ ጠርሙስ ጡቱ ከጎማው ፊት ለፊት ነው። በትከሻ የሚመጣው ቱቦ የተሻለ ነው፤ ያውም ክዳን ካለው ብቻ። በውርጭ ማለዳ ከእያንዳንዱ ጉንጭ በኋላ እፍ ብሎ ውኃውን ወደ ከረጢቱ መመለስ ቱቦው እንዳይረጋ ያደርጋል።

ይህን ሁሉ የሚሰማ ወገን ‹‹የእኛ ሯጮች መች ውኃ ተሸክመው ሮጡ?›› ማለቱ አይቀርም፤ አበበ ቢቂላ የተወለደው በዚሁ በሰሜን ሸዋ መሆኑንም ይጨምርበታል። ማስረጃም አለው። በ2011 በታተመ ጥናት ታዋቂ ኢትዮጵያውያን ሯጮች በቀን የሚጠጡት ውኃ መጠነኛ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከልምምድ በፊትም ሆነ በልምምድ መሀል አይጠጡም ነበር። ኃይሌ ገብረ ሥላሴም የ2009 የዱባይ ማራቶንን ሲያሸንፍ ከክብደቱ 10 በመቶ የሚጠጋ እንዳጣ ተገምቷል። ሯጩ ግን ልምምዱን ጨርሶ ማዕድ ላይ ይቀመጣል፤ ቀኑን ሙሉ ኮርቻ ላይ የሚውለው ያ ዕድል የለውም። በተረፈ ክርክሩ የሚያፈርሰው የእኔን ሐሳብ ሳይሆን የትልቅ ከረጢት አምልኮን ነው። በ2002 የቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች 13 በመቶው የሶዲየም እጥረት ታይቶባቸዋል፤ ዋናው ምክንያት ከመጠን በላይ መጠጣት ነበር። ጀርባው ላይ ሦስት ሊትር ያለው ሰው ስላለ ብቻ ይጠጣል።

ሌላው መቃወሚያ ይበልጥ ልብ ይነካል፤ በአገራችን መንገደኛ በውኃ ጥም አይሞትም፣ ደጅ ቆሞ ቢጠይቅ ይሰጠዋል የሚለው። እውነት ነው፤ እንዲያውም ውኃ ብቻ መስጠት ነውር መስሎ ስለሚታይ ጠላ ይቀርባል፤ ዐቀበት ለቀረው ሰው ግን ጠላ መልካም ስንቅ አይደለም። ከገደሉ በታች ካለ ምንጭ የተቀዳውን ውኃ በጀርባዋ ያወጣችው ደግሞ የቤቱ እመቤት ወይም ልጇ ናት። አንድ ብርጭቆ መጠጣት አንድ ነገር ነው፤ ሁለት ሊትር ከረጢት ዘርግቶ ሙሉልኝ ማለት ሌላ። የታሸገውን ‹‹ሃይላንድ›› መግዛትስ? በከተሞቹ ደግ ነው፤ ዐቀበቱ መሀል ሲያልቅ ግን ሱቅ የለም፤ ባዶውም ፕላስቲክ የሚጣለው እዚያው ገደል ነው።

እንዲህ ያለ ቦርሳ ደብረ ብርሃን ሱቅ ውስጥ እንደ ጎማና ሰንሰለት አይገኝም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ በሻንጣ ይገባል። ለዘመድ የሚልክ ሰው ኪስ የበዛበትን ትልቁን ትቶ፣ ሙሉ የሚከፈተውን ሁለት ሊትር መርጦ፣ የተረፈውን ገንዘብ የቱቦ ብሩሽ፣ የክሎሪን እንክብልና ሁለት ሦስት መለዋወጫ የጎማ አፍ ቢገዛበት ይሻላል። ቀድማ የምትበላሸው ያቺ በጥርስ የምትነከሰው ጎማ ናት፤ እሷ ስታፈስ ቦርሳው ሙሉ ደኅና ሆኖ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል።