ያልተመለስኩበት ሰኞ

ስምንት ሳምንት ተሰጥቶኝ ሦስቱን ብቻ ሄድኩበት። የቀረውን ዶርም ውስጥ ተኝቼ አሳለፍኩት። ስንት ዓመት አልፎት ዛሬም ሳስበው አንጀቴ ያርራል።

ጊዜው 2008 ዓ.ም. ነው፤ የመምህራን ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመቴ። ለተግባር ልምምድ ስንመደብ ለጓደኞቼ አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ሲደርሳቸው ለእኔ ከእንጅባራ ወጣ ያለ ትምህርት ቤት፣ ያውም ኦ ክፍል ደረሰኝ። አለቀስኩ። የዳንግላ ልጅ ነኝ፤ የማውቀው ሙአለ ሕፃናት ክፍያና ዥዋዥዌ ያለው ነው። ኦ ክፍል ግን የ2002ቱን የቅድመ መደበኛ ትምህርት ማዕቀፍ ተከትሎ በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ የተስፋፋ፣ የስድስት ዓመት ልጅ አንደኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት አንድ ዓመት የሚቆይበት ክፍል ነበር። «ንፍጥ ስትጠርጊ ልትከርሚ ነው» አሉኝ ጓደኞቼ። አመንኳቸው።

ግድግዳው ላይ የአካባቢው አገዎች ቋንቋ፣ የአውኚ ፊደል ተሰቅሎ ነበር። እኔ ከተማርኩት ሀሁ ውስጥ የሌለ ቤት አለበት፦ ጘ፣ ጙ፣ ጚ። በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ ነው። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ በአዊ ዞን ብዙ ልጆች ትምህርት የሚጀምሩት በአፍ መፍቻቸው በአውኚ ነው። እኔ ቋንቋውን አልችልም፤ አያቴ ግን አፏን የፈታችው በእሱ ነው። እሷ በአውኚ ስትጠራኝ በአማርኛ አቤት እያልኩ አደግሁ።

በሁለተኛው ቀን አንድ ልጅ ፊት አምስት ቆርኪ ደረደርኩና «ስንት ነው?» አልኩት። ዝም አለ። ደግሜ ስጠይቀው ጭራሽ አንገቱን ደፋ። ደብተሬ ላይ «ቁጥር አይለይም» ብዬ ጻፍኩ። የክፍሉ መምህርት ይህን አይታ አንድም ነገር ሳትለኝ አጠገቡ ቁጢጥ አለችና በአውኚ ጠየቀችው። ልጁ ቆርኪዎቹን በጣቱ እየነካ ጀመረ። «ላጛ» ሲል ጆሮዬን ጣልኩ። «አንኳ» ብሎ አምስተኛውን ሲነካ አያቴ ፊቴ ድቅን አለች፤ ለገበያ የምታወጣውን እንቁላል ከጭድ ውስጥ እያነሳች የምትቆጥረው በእነዚሁ ቃላት ነበር። ልጁ በዚያ አላበቃም። አባቱ ደከረንስ ከሚባለው ዛፍ ከሰል ሲያከስል ስንት ማዳበሪያ እንደሞላ፣ መኪናው ስንቱን እንደጫነ፣ ስንቱ መንገድ ዳር እንደቀረ ለመምህርቷ በእጁ ጭምር እያሳየ አወራላት። «ቁጥር አይለይም» ያልኩት ልጅ የቤቱን ሒሳብ ያውቃል። ዓረፍተ ነገሩን ሰረዝኩት፤ ጥርሴን ነክሼ ነው የሰረዝኩት።

በእረፍት ሰዓት መምህርቷ ጠራችኝ። «ልጄ፣ ቃሉን እኔ አስይዝሻለሁ። አንቺ ብቻ ከእነሱ ጋር ቁጭ በይ። ለዚህ ሥራ ሰው አጥተናል፤ ስትመረቂ እዚሁ ብትቀሪልን ደስታችን ነው።» «እሺ፣ እትዬ» አልኳት።

ለሦስት ሳምንት እውነትም ቁጭ አልኩ። አንዲት ልጅ ያ የአፍንጫ ድምፅ እምቢ ሲለኝ አገጬን በሁለት እጇ ይዛ፣ የራሷን አፍ ከፍታ ምላሷ የት ላይ እንደሚያርፍ አሳየችኝ። መምህሯ እሷ፣ ተማሪዋ እኔ። እስከ አስር መቁጠር ቻልኩ። ቅዳሜ ዳንግላ ወርጄ ለአያቴ ብቆጥርላት ኖሮ! አልወረድኩም። በደንብ ስችል እሄዳለሁ ብዬ ነበር። በ2010 አረፈች።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ጓደኞቼ ፎርማቸውን አስፈርመው ዶርም መግባታቸውን ሰማሁ። ብርዱ፣ ጭቃው፣ የእግር መንገዱ በአንዴ ከበዱኝ። ዓርብ ከሰዓት የመመዘኛ ወረቀቴን ይዤ መምህርቷ ፊት ቆምኩ። የስምንቱንም ሳምንት ሞልታ ፈረመችልኝ፤ ቀና ብላ ግን አላየችኝም። ለምኜያት ነው የፈረመችው። የሷን እምነት ያረከስኩት እኔ ነኝ።

ዛሬ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። ከገጠር የሚመጡ እናቶች ጉዳያቸውን በአውኚ ሲያስረዱ አስተርጓሚ እስኪገኝ አስቆማቸዋለሁ። በወረቀት መምህር ነኝ፤ ያን የመሰለ ክፍል ግን ዳግም አልገባሁም።

ያን ዓርብ ስወጣ የቆርኪው ልጅ በሩ ላይ ጠበቀኝ። የአገው ፈረሰኞች ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ በማኅበር ተደራጅተው በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በሚጋልቡበት አገር፣ ፈረስ የሌለው ልጅ ቀርከሃ ይጋልባል። የእሱ ፈረስ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል። አቀበለኝ፤ በአውኚ የሆነ ነገር አለ። ከኋላዬ መምህርቷ ተረጎመችልኝ፦ «በእግርሽ ስለምትሄጂ አዝኖልሽ ነው። ሰኞ ትመልሽልኛለሽ ይልሻል።»

ይዤው ወጣሁ። አስፋልቱ ጋ ስደርስ ባጃጅ ቆመልኝ፤ ቀርከሃው ረዘመና አልገባ አለ። ከመንገዱ ዳር አጥር ላይ አስደግፌው ሄድኩ። ልጁ ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣው ያንን አጥር ይዞ ነው።