ከልጆች ጋር በመናገሻ ሱባ ደን

የመናገሻ ሱባ ደን ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ይገኛል። ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤት መግባት ስለሚቻል፣ ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ቅዳሜውን ወይም እሑዱን እውነተኛ ጫካ ውስጥ ለማሳለፍ ሲያስብ ቀድሞ ሊመርጠው የሚገባ ቦታ ነው። እንጦጦ ይቀርባል፤ ግን አብዛኛው ዛፉ ባሕር ዛፍ ነው። ከባሕር ዛፍ ሥር ደግሞ ብዙ ነገር ስለማይበቅል ልጅ ጎንበስ ብሎ የሚያየው ያጣል።

ደኑ ጥንታዊ ቢሆንም የሰው እጅ አርፎበታል። እንደሚነገረው፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተክለውበታል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ አጥሯት ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ማዛወር እስከመታሰብ ሲደረስ፣ መናገሻ ግን በዘውዱ ጥበቃ ሥር ሆኖ ከመጥረቢያ ተረፈ። ዛሬ ልጆች አንጋጠው የሚያዩት ጽድ በዚያ ጥበቃ የቆየ ነው።

ከታች በኩል ጽድ፣ ዝግባና ወይራ ይበዛሉ። ከፍ ሲባል ኮሶ ይመጣል፤ ቅርፊቱ እየተላጠ የሚንጠለጠል በመሆኑ ልጆች ሳይነኩት አያልፉም። የወጨጫ ጫፍ ከ3300 ሜትር በላይ ነው። ወደዚያ የሚያወጣው መንገድ ለአዋቂ ደስ ይላል፣ ለአምስት ዓመት ልጅ ግን ቅጣት ነው። ቤተሰብ ጫፉን ትቶ በታችኛው ደን ቢዘዋወር የሚቀርበት የለም፤ ዛፉም አውሬውም ያለው እዚያው ነው።

ከእንስሳቱ ለልጅ የሚመቸው ጉሬዛ ነው። ዋና ምግቡ ቅጠል ስለሆነ ለመፍጨት ረጅም ሰዓት ዛፍ ላይ አርፎ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ዝም ብሎ ለቆመ ሰው በቀላሉ ይታያል። አውራ ጣት የለውም፣ ግልገሉም ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። ይህን አስቀድሞ የሰማ ልጅ በእናቱ ጥቁር ደረት ላይ ነጩን ግልገል ሲፈልግ ድካሙን ይረሳል። የምኒልክ ድኩላ ዓይን አፋር ነው፤ ወንዱ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሲሆን በማለዳ ካልሆነ እምብዛም አይታይም። ግንባሩ ቢጫ የሆነው አረንጓዴ በቀቀን ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ስፒከር ተሸክሞ ሙዚቃ እያስጮኸ ለሚገባ ቡድን ግን ከእነዚህ አንዱም አይገለጥለትም። ለጭፈራ ሌላ ቦታ ሞልቷል።

በእንዲህ ያለ ጉዞ ፍጥነቱን የሚወስነው ትንሹ ልጅ ነው። እሱ ከፊት ይሂድ፣ አንድ አዋቂ ደግሞ መጨረሻ ላይ ይሁን። የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ከሄደ በቂ ነው፤ ጉንዳን ሲያይ መቆሙ፣ ድንጋይ መልቀሙ፣ ዱላ መምረጡ ሁሉ ጉዞው ራሱ እንጂ መዘግየት አይደለም። በጀርባ የሚታዘል ሕፃን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ያዘለው ሰው እየላበ ሕፃኑ ሊበርደው ይችላል፣ ምክንያቱም እሱ አይንቀሳቀስም። እጅና እግሩን ቶሎ ቶሎ መዳሰስ ያስፈልጋል።

ልብስን በተመለከተ ረጅም ሱሪ፣ ካልሲና የማያዳልጥ ጫማ ይበቃል። ቁምጣ የለበሰ ልጅን ሳማ ያስለቅሰዋል። የጉንዳን መስመር ሲገኝ ዘሎ ማለፍ ነው፤ መስመሩ ላይ መቆም አይገባም። የምንጭ ውሃ ጥርት ያለ ቢመስልም ሳይፈላ ለልጅ አይሰጥም። ለስንቅ ቆሎ፣ ጭቢጦ፣ ዳቦና ብርቱካን ከኬክና ከለስላሳ ይሻላሉ፤ ቶሎ አይበላሹም፣ ቆሻሻም አያበዙም። ቆሎ ግን በጣም ትንንሾቹን ሊያንቅ ስለሚችል ለእነሱ ዳቦው ይቅረብላቸው። እያንዳንዱ ልጅ አንገቱ ላይ ፊሽካ ቢያንጠለጥልና ከጠፋ ሳይንቀሳቀስ አንድ ዛፍ ሥር ቆሞ እንዲነፋ ቢነገረው ጥሩ ነው። ይህን ቤት ውስጥ አንዴ መለማመድ ይጠቅማል።

ጠዋት 1 ሰዓት ከቤት የተነሳ ቤተሰብ 7 ሰዓት ላይ፣ የትም ይድረስ የት፣ ፊቱን ወደ መኪናው ማዞር አለበት። ልጆች ሲመለሱ ከሄዱበት ይልቅ ይዘገያሉ፣ ጫካ ውስጥም ከሜዳ ቀድሞ ይጨልማል። ከሰኔ እስከ መስከረም መንገዱ ጭቃ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ማለዳው ግን ይቀዘቅዛልና ሹራብ አይረሳ። ከመነሳት በፊት ደግሞ የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ።