የእህቴ ጥያቄ

ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ጨንቻ ቤተሰብ ጋ ስወጣ ታላቅ እህቴ ለብቻዬ ጠርታ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። በሰባት ወሩ ሆዷ ውስጥ ስለሞተው ልጅ ነበር። በአልትራሳውንድ ሲታይ ልቡ ከመጠን በላይ ሰፍቶ፣ ሰውነቱም ውሃ ቋጥሮ ነበር። ሐኪሙ «የእትብቱ ደም መልስ ጉበቱን ዘሎ በቀጥታ ልብ ውስጥ ገብቷል» ያላትን ቃል በቃል ይዛዋለች። የጎረቤት ሴቶች ግን በስድስተኛው ወር ገብስ ተሸክመሽ ዳገት ስለወጣሽ ነው ብለዋታል።

«አንተ ባዮሎጂ አይደል የምትማረው? እውነት እኔ ነኝ የገደልኩት?»

አላውቅም ማለት አሳፈረኝና «ተይው፣ እግዚአብሔር ሌላ ይሰጥሻል» ብዬ አለፍኩት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ዘንድሮ የጽንስ ዕድገት ኮርስ ወሰድን። ከእንግዴ ልጅ በእትብት የሚመጣው ንጹሕ ደም አብዛኛው ጉበት ውስጥ ይገባል፤ ሩብ ያህሉ ብቻ ዳክተስ ቬኖሰስ በምትባል ጠባብ ቧንቧ አቋርጦ ወደ ልብ ይሄዳል። ይህች ቧንቧ ሳትሠራ ስትቀር እትብቱ አንዳንዴ ደሙን እንዳለ ልብ ላይ ያፈስሳል። ልብም ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ይሰፋል፣ ይደክማል። የዶርም ጓደኛዬ የውሃ ምህንድስና ተማሪ ነው (ግቢያችን በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ነው የተጀመረው፤ ሁሉን ነገር በቦይ ነው የሚያዩት)፤ ስነግረው «በር የሌለው ካናል ነዋ! ኩልፎ ሲሞላ አላየህም?» አለኝ።

ልብ የሚቀረጸውም በሚያልፍበት ደም ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች እንቁላል ውስጥ ባለ የጫጩት ጽንስ አንዷን ደም መልስ ቢዘጉ፣ ልቡን ሳይነኩት ተዛብቶ አደገ።

ለእህቴ የሚጠቅማት ግን ጊዜው ነው። በጽንሱ ሦስት ጥንድ ደም መልሶች ይነሳሉ፤ ከዚያ አንዳንዱ ይጠፋል፣ አንዳንዱ ይቀራል። ይህ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ገደማ ያልቃል።

ለሴሚስተር ዕረፍት ጨንቻ ወጥቼ በደብተሬ ጀርባ ሥዕሉን በእስክሪብቶ ሠራሁላት። ዝም ብላ አየችውና ወራቱን በጣቷ ቆጠረች።

«ገብሱን ከመሸከሜ በፊት ነዋ!»

«አዎ፣ ከብዙ ወር በፊት።»

ወረቀቱን ቀዳ የአልትራሳውንዱ ወረቀት ካለበት ፌስታል ውስጥ ከተተችው። «ለሴቶቹ አሳያቸዋለሁ» አለችኝ።